ለሰናፌ የተላከ ዕቃ

የ7 ቁጥር አውቶቡስ ከሲያትል መሀል ከተማ ተነሥቶ የሬኒየርን ጎዳና ይዞ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ የተሳፋሪው ቋንቋ በየፌርማታው ይለዋወጣል። ሬኒየር ቢች ሲደርስ ከኋላ ወንበር አማርኛ፣ ከፊት ትግርኛ፣ በር አጠገብ ሶማልኛና ኦሮምኛ ይሰማል። ሰማዩ የጠራ እንደሆነ 4392 ሜትር ከፍታ ያለው የሬኒየር ተራራ በረዶውን ለብሶ ከሩቅ ብቅ ይላል። ደገኛ ሆኖ ያደገ ሰው ተራራ የሚያይበት ሰፈር ሲያገኝ ሌላ ቦታ መኖር አይሆንለትም። እኔም ቤት የተከራየሁት እዚያው ነው።

በሕንፃችን አሥመራ የተወለደውና አዲስ አበባ የተወለደው በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከጎኔ የሚኖሩት እናት የኤርትራዋ ሰናፌ ሰው ናቸው። በሱዳን በኩል ተሰድደው ከመጡ ዘመናት አልፈዋል። እኔ በትግርኛ አደይ (እናቴ) እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ወደይ (ልጄ) ይሉኛል። በዓል ሲሆን የሳቸው ሕምባሻ ወደ እኔ ቤት ይመጣል፣ የእኔ ዶሮ ወጥ ወደ እሳቸው ይሄዳል። ከመካከላችን ማናችን የየትኛው አገር ሰው እንደሆንን የምናስታውሰው ቴሌቪዥኑ ሲያስታውሰን ብቻ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ደግሞ በ2010 ክረምት ያልተጠበቀ ነገር አሳየን። ሐምሌ 1 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሥመራ ገቡ። በማግስቱ በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው የጦርነት ሁኔታ ማብቃቱ ታወጀ። ለሃያ ዓመት ተቋርጦ የነበረው ስልክ ተቀጠለ፣ አውሮፕላን መብረር ጀመረ። መስከረም 1 ቀን 2011 በዕንቁጣጣሽ ዕለት ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ተከፈተ። ከወዲያና ከወዲህ የመጡ ሰዎች መንገዱ መሀል ተቃቅፈው ሲላቀሱ አደይ ከሶፋቸው ወርደው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ለቅሶ የሚያፍር ሰው አላጋጠመኝም።

ያን ዓመት ለገና አገር ቤት እንደምሄድ ሲሰሙ ሁለት ዕቃ አዘጋጁ። አንዱ አሊቴና ላሉት እኅታቸው ነው፤ ድንበሩ ላይ ከሚኖረው የኢሮብ ሕዝብ ባል አግብተው በኢትዮጵያ በኩል ቀርተዋል። ሌላው ሰናፌ ላሉት ወንድማቸው ነው፤ እሳቸው በኤርትራ በኩል ናቸው። እኅትና ወንድም የሚለያያቸው ተራራ ነው። ዕቃው የንባብ መነጽር፣ ስኒከር ጫማ፣ የመገጣጠሚያ መድኃኒትና ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ የልጅ ልጃቸው የሬኒየር ቢች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምርቃት ልብሱን ለብሶ ይታያል። የአያቱ ወንድም በአካል አይተውት አያውቁም።

የእኔም ጉዳይ አለ። የእናቴ ታናሽ ወንድም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ወደ አሲምባ ሄዶ አልተመለሰም። አሲምባ የኢሕአፓ ሠራዊት ሰፍሮበት የነበረው የኢሮብ ተራራ ነው። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ማታ ማታ በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉ ነበር። ያን ተራራ በዓይኔ ሳላይ መኖር አልፈለግሁም።

ከሬኒየር ቢች ጣቢያ ባቡር ይዤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስሄድ የአደይ ሻንጣ ከእኔ ሻንጣ ይከብድ ነበር። መቀሌ ስደርስ የእኔ ሻንጣ መጣ፣ የሳቸው አልመጣም። የጉዞዬ መከራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እየተባልኩ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እየተመላለስኩ ቀናት አለፉ። የጠፋው የእኔ ቢሆን ኖሮ ትቼው እሄድ ነበር። የሰው አደራ ግን ትቶ መሄድ አይቻልም። በመጨረሻ ሻንጣው አንድ ጎማው ተሰብሮ፣ ዚፑ በገመድ ታስሮ መጣ። ፎቶግራፉ አልታጠፈም፣ መነጽሩም አልተሰበረም። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

ከመቀሌ ወደ ዐዲግራት የሚሄደው መንገድ ሰው ሊጠግበው የማይችል መንገድ ነው። ውቅሮን አልፎ ነጋሽ ላይ የጥንቱ መስጊድ ይገኛል፣ ከዚያ ፍሬወይኒ፣ ከዚያ ብርዱ አጥንት የሚነካበት እዳጋ ሐሙስ። ጊዜው የመኸር ስለነበር በየአውድማው በሬ ገብስ ያበራይ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ስለ ድንበሩ ነው። አንዱ አሥመራ ድረስ ሄዶ የአክስቱን ልጅ አግኝቶ መመለሱን ይናገራል። ሌላዋ የሲሚንቶ ዋጋ መናሩን ታነሣለች፣ ከወዲያ የሚመጣው ገዢ ጤፉንም ሲሚንቶውንም አንሥቶ እንደሚሄድ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ግን ዝም ብለው ቆይተው፣ «ደግ ነው፣ ደግ ነው፤ ግን ማን ነው የፈረመው?» አሉ። ጥያቄው በወቅቱ ያለቦታው የገባ መሰለኝ። በደስታ መሀል ፊርማ የሚጠይቅ ሰው ደስ አይልም።

ዐዲግራት አድሬ ጠዋት መናኸሪያ ብሄድ ወደ ኢሮብ የሚሄድ መኪና የለም። ቀኑ ሲገፋ ዱቄትና ዘይት የጫነ አይሱዙ አገኘሁ። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ከሁለት ሴቶችና ከአንድ ሕፃን ጋር አስቀመጠኝ። ዳውሃን ድረስ መንገዱ ኮረኮንች ቢሆንም ደህና ሄድን። ከዚያ ወዲያ ምድሩ ተሰነጠቀ። መንገዱ በገደሉ ወገብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በመስኮት ወደ ታች ሳይ የምሳር ጥርብ የሚመስል ድንጋይና ከሥሩ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብቻ ይታየኝ ነበር። ሴቶቹ አፋቸው ውስጥ ጸሎት ይዘዋል። እኔም እንዲሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ሾፌሩ ምንም ሳይናገር መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ አስጠጋ። ረዳቱ ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ አደረገ። ፍሬኑ ግሎ መያዝ አቁሟል። «ዛሬ አንሄድም» አለ ሾፌሩ፤ ድምፁ ውስጥ ድንጋጤም ይቅርታም አልነበረም። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው። ፀሐይ ወደ ተራራው ገብታ ብርዱ ሲወርድ ከገደሉ ሥር አንድ ልጅ በባትሪ ወጣ። ማን እንደላከው አላውቅም። መብራቱን ወደ ፊታችን ሳያደርግ ወደ መሬት አድርጎ፣ «ኑ» አለን።

ያደርነው የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ ባለው ሕድሞ ውስጥ ነው። አባወራው ከሚስታቸው ጋር በሳሆ ይነጋገራሉ፣ ከሾፌሩ ጋር በትግርኛ። ልጁ ትምህርት ቤት የተማረውን አማርኛ ይዞ በመካከል ያስተረጉምልኛል። ጥሕሎ ቀረበ፤ የገብሱን ድቡልቡል በእንጨት ሹካ ወግተን ወጡ ውስጥ እያጠቀስን በላን። ቀጥሎ ነጭ ማር መጣ። የኢሮብ ማር ስሙን ሰምቼ ነበር፣ ጣዕሙን ግን የሚያውቀው የቀመሰው ነው። ሻንጣውን ለምን ከመኪናው አውርጄ እንደተሸከምኩት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የእኅትየውን ስም ስጠራ ሴትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዘመድ ናቸው። ኢሮብ ውስጥ ማን ከማን እንደማይዛመድ ማወቅ ይከብዳል።

ጠዋት አባወራው ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ፣ ይህን ደግሞ ሳላየው ብመለስ ይቆጨኝ ነበር። በፊተኛው ቀን ከላይ ያየሁት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የኢሮብ ሰዎች ዳልዳል የሚሉት ሥራ አላቸው። ደረቁን ሸለቆ አቋርጠው የድንጋይ ግንብ ይሠራሉ። ክረምት ጎርፉ ከተራራው አፈር ጠርጎ ሲመጣ ግንቡ አፈሩን ይይዛል፣ ውኃው ያልፋል። በሚቀጥለው ዓመት ግንቡን ከተያዘው አፈር በላይ ጥቂት ከፍ ያደርጉታል። እንዲህ እያደረጉ ዓመታት ሲያልፉ ድንጋይ ብቻ የነበረው ሸለቆ ማሳ ይሆናል፣ በቆሎና ፍራፍሬ ይበቅልበታል። «አንድ ጊዜ ረጅም አድርገው ቢሠሩትስ?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሥሩ አፈር ያልያዘ ረጅም ግንብ የመጀመሪያው ጎርፍ ይዞት ይሄዳል።

በማዶ አሲምባን አሳዩኝ። ተራራው ፀጥ ብሎ ቆሟል። የአጎቴን ስም ነገርኳቸው፣ አላወቁትም፤ እዚያ የነበሩት ልጆች ሁሉ የትግል ስም ነበራቸው። ግን የከተማ ልጆች እንደነበሩ፣ ድንጋይ ላይ መራመድ እስኪለምዱ እግራቸው ይደማ እንደነበር ያስታውሳሉ። የአባወራው እናት ለልጆቹ ወተት ይሰጧቸው ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ወንድሟ ፈገግ ስትል አየኋት። አንድ ሰው ወተት ሰጥቶት ነበርና።

አሊቴና የደረስነው ፍሬኑ ቀዝቅዞ፣ ሾፌሩ በእግረኛ ፍጥነት እየነዳ ነው። አሊቴና በሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በ19ኛው መቶ ዓመት የሰፈሩባት ጥንታዊ መንደር ናት። የአደይ እኅት ፎቶግራፉን ይዘው በር ላይ ወዳለው ብርሃን ወጡ፤ ልጁን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የራሳቸውን ነገሩኝ። ድንበሩ የተከፈተ ሰሞን ሰናፌ ሄደው ወንድማቸውን አግኝተዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ። ወንድማቸው ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር መጀመሪያ የለዩአቸው በድምፃቸው ነው። «መነጽሩን ቶሎ አድርስለት» አሉኝ።

ኢሮብ በሁለቱ አገሮች ጦርነት ብዙ ከፍሏል። ባድመ ላይ ሚያዝያ 28 ቀን 1990 የተጀመረው ተኩስ እዚህ ድረስ ደርሶ፣ ከመንደሮቹ ተወስደው እስከ ዛሬ ያልተመለሱ ሰዎች አሉ። ጦርነቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕይወት በልቶ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። የድንበር ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን ሁለቱም ተስማሙ። ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 በ1900፣ በ1902 እና በ1908 እ.ኤ.አ. በተፈረሙት የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች ላይ ተመሥርቶ መስመሩን አስታወቀ። ባድመን ለኤርትራ፣ ዛላምበሳንና አሊቴናን ለኢትዮጵያ፣ የኢሮብን ምድር ደግሞ ከፍሎ ሰጠ። መስመሩ ካርታ ላይ ሲሰመር ኢሮቦቹ ጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም።

የወንድምየውን ዕቃ ይዤ ወደ ዛላምበሳ ሄድኩ። ዛላምበሳ ከዐዲግራት 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከተማዋ በ1990ዎቹ ጦርነት ፈርሳ እንደገና የተሠራች ናት። ከፍርስራሹ ጎን አዲስ ሱቅ፣ አዲስ ሆቴል፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ማስታወቂያ ይታያል። ሰው በሦስት ወር ተስፋ ቤት ሠርቷል። እኔ የደረስኩበት ጠዋት ግን ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጤፍና ሲሚንቶ የጫኑ አይሱዙዎች ተደርድረዋል፣ ሾፌሮቹ ወርደው በቡድን በቡድን ይነጋገራሉ። እስከ ዋዜማው ድረስ ማንም ሰው መታወቂያ ሳይጠየቅ ያልፍ ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በሆነው በዚያ ቀን ከኢትዮጵያ በኩል ለሚመጣ ሁሉ የፈቃድ ወረቀት ተጠየቀ። ወረቀቱን የት እንደሚሰጡት ጠየቅሁ። አጠገቤ ያሉ ሁሉ ያንኑ ይጠይቃሉ።

በወዲያ በኩል የቆመው ወታደር ከአደይ የልጅ ልጅ በዕድሜ የሚበልጥ አይመስልም። አላመናጨቀንም። «ታዝዤ ነው» አለ በትግርኛ፣ ዓይኑን ከእኔ ዓይን ሳያነሣ። ፎቶግራፉን አውጥቼ አሳየሁት፣ የት እንደምሄድ፣ ለማን እንደሆነ ነገርኩት። ሰውየውን ያውቃቸው እንደሆነ ከፊቱ ለማንበብ ሞከርኩ። ፎቶግራፉን አይቶ መልሶ ሰጠኝና፣ «ወረቀት አምጣ» ብቻ አለኝ።

መንገድ ዳር ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ቀኑ ተጋመሰ። የመቀሌዎቹ ቀናት ባይባክኑ፣ ፍሬኑ ባይግል እያልኩ አሰብኩ። በኋላ ግን ይህን ማሰብ ተውኩ። እኔ ደርሼ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ይቀር ነበር፤ ጉዳዩ የእኔ መዘግየት አይደለም። ነጠላቸውን ተከናንበው ከጎኔ የተቀመጡ እናት ታሪኩን ከአፌ ወሰዱት። ዐዲግራት ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ሰናፌ እየተመለሱ ነው፤ አገራቸው ስለሆነ እሳቸው ያልፋሉ። የወንድምየውን ስም፣ የአባታቸውን ስም፣ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ «ሃበኒ ወደይ»፣ ስጠኝ ልጄ። ሻንጣውን አንድ ጎረምሳ ተሸክሞላቸው ገመዱን አለፉ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። አደራ የሚቀበል ሰው ፊቱ ይበቃል።

ሬኒየር ቢች ከመመለሴ በፊት አደይ ስልክ ደወሉልኝ። መነጽሩ ደርሷል፣ ጫማው ትንሽ ሰፍቷል፣ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እየሳቁ ነበር። እኔ ግን የሚኒባሱ ሽማግሌ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። ማን ነው የፈረመው?

እዚህ ሲያትል ስመለስ ለጥያቄያቸው መልስ የሚሆን ነገር ደጄ ላይ አገኘሁ። ከእኛ በስተ ሰሜን ያሉት የሳን ዋን ደሴቶች በአንድ ወቅት አሜሪካና እንግሊዝ የሚጣሉባቸው ነበሩ። የ1846 እ.ኤ.አ. ውል ድንበሩ በባሕር ሰርጡ መሀል ያልፋል ይል ነበር፤ ሰርጦቹ ግን ሁለት ነበሩ። በ1859 አንድ አሜሪካዊ ገበሬ ማሳው ውስጥ የገባ የእንግሊዝ ኩባንያ አሳማ ገደለ፣ በዚህ ሰበብ የሁለቱም ጦር መጥቶ ፊት ለፊት ተፋጠጠ። ውጊያ ግን አልተደረገም። አንድ ደሴት ላይ ሁለት ካምፕ ሠርተው ለዓመታት ጎን ለጎን ኖሩ፣ ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ቪልሄልም በ1872 ለአሜሪካ ፈረዱ። እንግሊዞቹ ባንዲራቸውን አውርደው ሄዱ። ዛሬ ከሰፈሬ ሁለት ሰዓት ገደማ ነድቼ ብሌን ላይ በ1921 የቆመውን የሰላም ቅስት አልፌ ካናዳ እገባለሁ። በዚያው አቅራቢያ ፖይንት ሮበርትስ የምትባል የዋሽንግተን ቁራሽ መሬት አለች፤ በየብስ የሚደረስባት በካናዳ በኩል ብቻ ነው። ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ ልጆቿ ትምህርት ቤት ለመሄድ ድንበር ሁለቴ ያቋርጣሉ። ልጆቹን የሚያሳልፋቸው የሹማምንት የዕለቱ ስሜት አይደለም። የተጻፈ ደንብ ነው።

ደንብ የሌለበት ድንበር ምን እንደሚያደርግ ለማየት ደግሞ ሌላ ተራራ አለ። በካራኮረም ተራሮች መካከል በሽዮክ ወንዝ ዳር ቱርቱክ የምትባል መንደር አለች። በ1971 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር ጦርነት ሕዝቡ በፓኪስታን ተኝቶ በሕንድ ነቃ። ከመንደር ውጭ ለሥራ የሄደ ባል፣ ለትምህርት የሄደ ልጅ በወዲያ በኩል ቀረ። ለአሊቴናና ለሰናፌ ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልግም።

የ2011 መስከረም እውነተኛ ነበር። እንባው እውነተኛ ነበር፣ በሦስት ወር የተገናኘው ቤተሰብ እውነተኛ ነው። ግን በሩ ሲከፈት ሕዝብ የሚያውቀው ዝርዝር ደንብ አልወጣም። የሚሻገር ሰው ምን ይያዝ፣ ጤፉ በስንት ይቀረጥ፣ ናቅፋ በብር በስንት ይመንዘር፣ በሩ የሚዘጋ ከሆነ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ይዘጋ የሚል ወረቀት ማንም ሰው እጅ ላይ አልነበረም። አፈር ያልያዘ ግንብ ነበር፣ ጎርፉ ሲመጣ ሄደ። ጎርፉም መጣ። ጥቅምት 2013 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ዛላምበሳ ዳግመኛ የጦር ሜዳ ሆነች፣ የትግራይ ስልክ ተቋረጠ፣ አደይ ከእኅታቸው ድምፅ ሳይሰሙ ወራት ቆጠሩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመም በኋላ ብዙ የኢሮብ ሰው ከቀዬው እንደራቀ ቆየ።

ስለዚህ ቀጣዩ መከፈት ሲመጣ፣ ይመጣል ብዬ አምናለሁ፣ በመሪዎች መተቃቀፍ ብቻ እንዳይጀመር እመኛለሁ። በትንሹ ይጀመር። ድንበሩ ላይ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ብቻ የሚሰጥ የመሻገሪያ ካርድ ይኑር። በሳምንት አንድ የገበያ ቀን ይወሰን። ታማሚ ለማሳከም፣ ለቀብርና ለሠርግ የሚያልፍ ሰው የሚጠየቀው ወረቀት በትግርኛ፣ በሳሆና በአማርኛ ኬላው ላይ ይለጠፍ። ያ ከያዘ በኋላ ደግሞ ጥቂት ከፍ ይደረግ። ሲጻፍ የኢሮብና የሰናፌ፣ የዛላምበሳና የጾሮና ሽማግሌዎች ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። እኛም በሬኒየር ቢች ያለን ሥራ አለን። በአንድ ሕንፃ የምንኖር የሁለት አገር ሰዎች ለየብቻ በየአዳራሻችን የምናደርገውን ስብሰባ አንድ ላይ አድርገን ይህንኑ በአንድ ድምፅ ልንጠይቅ እንችላለን። እኔና አደይ ጀምረናል፤ የሚቀላቀለን ሰው በራችንን ያንኳኳ።